«ዱር» ብዬ የጻፍኩት

ሳኑ ዶማውን በትከሻው ጥሎ
የሰደድ እሳቱን አመድ ተከትሎ
ጫካ ገባ በጥር። እኔም ከኋላው ነኝ፣
ደብተርና እርሳስ፣ ውሃ የያዝኩኝ።

እሾሃም ሐረግ፣ ደርቆ የተንጠለጠለ፣
በሱ ተመርቶ ምድሩን ፈነቀለ፤
ክንድ ሙሉ ቆፈረ፣ ደግሞ ሌላ ክንድ፣
ወጣ ቀጭን ቦዬ፣ ጸጉራም፣ እንደ ገመድ።
«ይበላል ወይ?» አልኩት። ላሰና እንትፍ አለ።
«ሦስት ክረምት ይልፋ» ብሎ ጠቀለለ።

ጻፍኩ ደብተሬ ላይ፦ «ቁጥር አርባ ሰባት።
ዱር። ከሰው ማሳ የግማሽ ቀን ርቀት።»

ስንመለስ ጎንበስ አለ ከባኦባቡ ሥር፣
አነሳ ስባሪ ገል፣ ግማሹ አፈር።
በዚያች ገል ላይ ነው ቦዬውን የተከለው፣
ወደ ታች ሲሸሽ እንድትከለክለው፣
ወደ ጎን እንዲወፍር። ይህን ማን አሳየው?
«አባቴ።» «አባትህንስ?» «አባቱ ነዋ፣ ማነው!»

አንደኛው ዓመት ጦጣ እንኳን ናቀው።
ሁለተኛው፣ ባኬ ቀቅላ ለፍየል ጣለችው።
በሦስተኛው ግን የሰው ጭን ያህላል፣
ነጭ፤ ሲወቀጥ እንደ ሊጥ ይሳባል።
ያኔ ነው ስም ያወጣለት፦ «መጥቶ ቀረ»።
ከዚያ በፊት ስሙን ብጠይቅ አፈረ።

ያን ክረምት የቢዮ ማሳ ጠቆረ በሳምንት፤
ሁሉም የአንድ እናት ቁራጭ፣ ሁሉም አንድ ፊት፣
አንዱን የገደለው ሁሉንም አወቀው።
ሳኑ ደጅ ሲደርስ ግን ስም ጠየቀው።

ቅጠል ቆርጬ ነበር፣ በወረቀት ከረጢት፣
ኮቶኑ ላክሁት፣ ማሽን እንዲያነበው የዘሩን ጽሕፈት።
ወራት ቆይቶ ውጤቱ መጣ። ደግሜ አየሁት።
ናሙና ተቀላቅሎ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩት።

ዱር አልነበረም።

በአባቱ በኩል ጥቂት የጫካ ደም፣
የቀረው ግን የማሳ ነው፣ የሳኑ ነጭ ቦዬ ወንድም፤
ከሰው እጅ ወጥቶ የጠፋ፣
ማንም ሳይጠራው ዘመን የገፋ።

ነገርኩት። ዝም አለ። «ባኦባቡ ጋ» አለ፣
«የአያቴ መንደር ነበር። ጉድጓዱ ደረቀ፣ ሕዝቡ ነቀለ።»
«ዘር ከልጓም ይስባል! ታዲያ ምነው መረረ?»
ስለው፣ ሳቀብኝ፤ ገለባ እየቆጠረ፦
«አንቺ ፊፋሜ፣ ስልሳ ዓመት ጫካ ጥለውሽ ቢሄዱ
አትመሪም?»

ደብተሬን ገልጬ «ዱር»ን ሰረዝኩት።
ምን እንደምተካ ስላላወቅሁ ባዶውን ተውኩት።
ሳኑ ገሏን አጥቦ ለከርሞ አኖራት።
ጠርዟ ላይ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለባት።