ሁለት ሜትር ከምናምን

ሐሙስ ሐሙስ፣ እዚህ፣ ወይፈን ነበር የማስገባ፤
ዛሬ እሑድ ነው፤ ምእመን ነው በመኪና የሚገባ።
ሰደርያዬ ያው ቢጫ፣ ጭቃውም ያው የጥንቱ፤
መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ ፉጨቴ ቀረ በከንቱ።
ደዌው ደጁን ካስዘጋው ይኸው አሥረኛ ሳምንቱ።

ሰሜን አየርላንድ፣ ባሊኮራን፤ ግንቦት ነው፣ ግን ይዘንባል፤
እዚህ አገር ካልዘነበ፣ ሰው «ምን ሆነ?» ይባባላል።
መጋቢ ጊልፒን ከድርቆሽ ተሳቢ ላይ ወጥቷል፤
ባንድ እጁ ጃንጥላ፣ ባንድ እጁ ወንጌል ይዟል።
ማይክራፎኑን ሚስቱ በዳቦ ላስቲክ ጠቅልላዋለች፤
«ሰማኒያ ሰባት ነጥብ ሰባት» ብላ ካርቶን ላይ ጽፋለች።

ራዲዮናችሁን እዚያ ክፈቱ። ዘፈን ከመጣ ተሳስታችኋል።
አንድ ክላክስ አሜን ነው፤ ሁለት ክላክስ፣ «ድምፅ ጠፍቶኛል»፤
ሦስት ክላክስ የለም። ሦስቱን የዊር ልጅ ፈጠረው፤
ትርጉሙን እስካሁን ከሱ በቀር ማንም አላወቀው።

እኔን ስለ እምነቴ አትጠይቁኝ፤ ሥራዬ መኪና ማቆም፤
ግን አርባ ሦስት መኪና ባንዴ «አሜን» ሲል፣ ጉልበቴ አይጸናም።
ከአጥር ማዶ ላሞች ሣር አቋርጠው ቀና ይላሉ፤
ሐሙስ መስሏቸው ይሆናል፤ መሸጣቸውን ያስባሉ።

በተርታው ጫፍ፣ ጥጃ በሚመዘንበት ሚዛን አጠገብ፣
ኦሊቭ ማኪልዌይን አለች፤ ከንፈሯ መዝሙር ሲያነብ።
የሾፌሩ ወንበር የዊልበርት ነበር፤ በሚያዝያ ሞተ፤
ሬሳውን ዐሥር ሰው ሸኘ፤ ሌላው በመስኮት ተመለከተ።
አርባ ዓመት ተሳፋሪ ነበረች፤ መንዳት የጀመረችው ያኔ፤
ወንበሩን ወደ ፊት አልሳበችም፤ መሪ ስትይዝ አየሁ በዓይኔ፣
ልክ እንደ ልጅ ተንጠራርታ፣
የሱን ልክ እንዳታጠፋ ፈርታ።

ከጎኗ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ተርታ ደርሶት፣ ልብም ሳልለው፣
ሀርቪ ቴምፕልተን፣ ከባሏ ጋር «ዓይንህን ላፈር» የተባባለው።
እዚህ አገር የሾፌር ሰላምታ ጣት ከመሪ ማንሣት፤
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተነፋፈጉ ያቺን አንድ ጣት።
ነገሩ የቦይ ውሃ ነበር፤ ቦዩ ከደረቀ ቆይቷል፤
ጠቡ ግን በጋ ከክረምት ሳይል፣ እነሆ ይፈሳል።

ስብከቱ ስለ ጎረቤት ነበር ብል፣ ታሪኬ ባማረ፤
ከኦሪት ዘኍልቍ ነበር እንጂ፤ ነገድ በነገድ ቆጠረ።
ዝናቡም ጣራ ቆጠረ፣ ከመኪና መኪና እያረፈ፤
አንዱ አዛውንት ክላክሱ ላይ አንቀላፍቶ፣ ረጅም አሜን ተንሳፈፈ።

ሲያበቃ ተርታ በተርታ ለቀቅኋቸው፤ የኦሊቭ ሞተር ግን አልተነሣም፤
ራዲዮው ባትሪውን ጨርሶታል። ቁልፉን ታዞራለች፤ «ቅ» ብቻ፣ ሌላ አይሰማም።
ክላክሱን ተጫነች፤ አሜን የሚልበት ትንፋሽ የለውም።

ሮጥኩ፤ ሁለት ሜትር ላይ ቆምኩ። ሕጉ ነዋ፤ እኔው ራሴ የለጠፍኩት፤
እርዳታ ማለት መቅረብ ነው፤ መቅረብ ነው የተከለከልኩት።

ያኔ የሀርቪ በር ተከፈተ። አላናገረኝም። አላያት።
ቀይና ጥቁር ገመድ አወጣ፤ እንደ አንጀት ዘረጋት።
በዓይኔ ለካሁ፣ የሥራ ዐመል፤
ሁለት ሜትር ከምናምን፤ ሕጉን በጥፍር ያህል ያልፋል።
እሷ ከመስታወት ውስጥ፣ እሱ ከዝናቡ፣ መሃል ላይ ሽቦ፤
ኃይል ካንዱ ወዳንዱ አለፈ፣ እንደ ደዌው ሁሉ፣ ተስቦ።

ሞተሩ አጉረመረመ። ራዲዮውም ነቃ። መጋቢው ማይክራፎኑን ረስቶ፣ ሳያውቅ፣
«ድንቹን ከእሳት አውርደሻል?» ይላል ለሚስቱ፤
ኦሊቭን አየኋት፣ ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ስትስቅ።

ሀርቪ ገመዱን ጠቀለለ። «ይቅር» አላለም፤ ስለ ቦዩም አልወጣው ቃል።
መኪናው ገባ፤ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን፣ ትንሽ ብቻ፣ ከፍ አድርጓል።
እሷም ልትወጣ ስትል ክላክሷን ሦስቴ ነፋች፤
ሦስት የለም ብለን ነበር። በበሩ በኩል ወጥታ ጠፋች።

የዊር ልጅ ሄዷል፤ ትርጉሙን የምጠይቀው የለኝ፤
ዝናቡ ሰደርያዬን አልፎ ኖሯል፤ ያን ጊዜ ነው የበረደኝ።