ይታይሽ

እናቴ "ይታይሽ" ስትለኝ፣ ምን እንዳየች እንጃ፤
ስሜ ግን ስም ብቻ ነበር፣ የቀበሌ ማስረጃ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በውሃ ቢሮ ጠረጴዛ፣
ጣናን በቀጭን ብዕር፣ በማስመሪያ ስገዛ፣
ዳርቻውን ስከረክም፣ ደሴቱን ስቆጥር፣ ስለካ፣
አንድ ቀን እንኳ ውሃውን፣ በጣቴ ጫፍ ሳልነካ፣
ጡረታ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ሽምብጥ፣ ከሾላው ሥር፣ ከውሃው አፍ፣
አንማው ይጠብቀኛል፣ ብሩሽ ሰክቶ ከጆሮው ጫፍ።
ዕድሜው ከልጄ ያንሳል፣ ትእዛዙ የመቶ አለቃ፤
"ጥቁሩን ቀለም አምጪ!" አለኝ፤ ኪሱ ከተተው በቃ።
"ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ልብ ላለው ሐምራዊ ነው፤
ከሾላው ሥር ያለው ደግሞ፣ ሰማይ የረሳው ሰማያዊ ነው።
መስመርም ክልክል ነው።"
"ክልክል?"
"ክልክል።"

በመስመር እንጀራ የበላሁ፣ ልጅ ያሳደግሁ ሴት፣
ምርኩዙን እንደቀሙት ዓይነ ስውር፣ ዞረብኝ የቆምሁበት።

ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ከቱቦው ሲወጣ ቅቤ ይመስላል፤
አኳራጁ አፍንጫ ይበጣል፤ ዘይቱ ተልባ ተልባ ይላል።
ያው ሙቀጫ ውስጥ ሲንጫጫ የምናውቀው ተልባ፣
እዚህ አፉን ይዞ ዝም፣ ቀለም ውስጥ ሲገባ።

"ዓይንሽን ጨፈን አድርጊ፤ በሽፋሽፍት ቀዳዳ እዪ፤
ዛፍ አትበይ፣ ጀልባ አትበይ፤ ስሙን እርሺው፣ ቀለሙን ለዪ።
ይታይሽ!" ይላል ደግሞ፤ "ይታይሽ፣ ይታይሽ!" ሲል፣
ስሜን ይጥራ ወይ ይዘዘኝ፣ "አቤት" እላለሁ ስዋልል።

የመጀመሪያው ሸራ ጭቃ ሆነ። ሁለተኛው የባሰ ጭቃ።
ሦስተኛው ላይ ዘጌ በራች፤ ብርሃኑ ወዲያው አለፈ፤
ቀለሙን እስካዋህድ፣ ጣና ሦስቴ ልብሱን ገፈፈ።
"አታሳድጂው" አለ አንማው፤ "የአንድ ሰዓቱን ብቻ ያዢ፤
የሁለት ሰዓቱ ጣና ሌላ ነው፤ ሌላ ሸራ ግዢ።"
ሸራ? በጡረታ ደሞዝ?

አሊጋዝ መረቡን ጭኖ፣ ከደንገሉ መሐል ወጣ፤
ታንኳውን ከዳር ጎትቶ፣ ሊያይ ወደኔ መጣ።
"የታለሁ እኔ?" አለኝ።
አንዲት የብሩሽ ጠብታ አሳየሁት፣ ቡኒ፣ ገብስ የምታክል።
"ይቺ? አርባ ዓመት ቀዝፌ፣ ይቺን ነው የማክል?"
እውነቱን ነው፤ በደሴቱ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ፣
ፈረሱ ሳይቀር ዓይን አለው፣ ተኩሎ ከሩቅ የሚታይ።
አንማው ክንዱን ይዞ፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ወሰደው፤
አሊጋዝ ዓይኑን አጠበበ፤ ቆየ፤ ሳቅ አመለጠው፤
"እኔው ነኝ! ወገቤ ነው፤ ስቀዝፍ ወደ ግራ እሰብራለሁ፤
በሐይቁ ሰው ዘንድ እኮ፣ በዚህች ስብራት እጠራለሁ።"

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጣቱ ሐምራዊው ላይ አረፈ፤
"ይሄስ? እንቦጭ ነው እንዴ? መረቤን የቀደደ፣ ባሕሬን ያነጠፈ?"
"ጥላ ነው" አልሁት። ግማሹ እውነት ነበር።
ግማሹን ግን ባለፈው ቅዳሜ፣ አበባውን ከሩቅ አይቼ፣
"ወይ ማማር!" እያልሁ ነው የቀባሁት፣ ብሩሼን አጥግቤ፣ ነክሬ፣ ረክቼ።
ከሩቅ ያምራላ።
ስፓቱላ አነሳሁ ልፍቀው።
ካርታዬ ላይ እንቦጭ የለም፤ ካርታዬ ላይ የውሃው ዳር፣
ዛሬም ሰማያዊ ክር ነው፣ ያኔ በለካሁት ሥፍር፤
ውሃው ሸሽቶ፣ አረሙ ወርሶ፣ ስንት ነገር ሲያልፍ በሰው፣
እዚያው ፋይል ውስጥ ይዋሻል፤ የሚያርመው የለም አንድ ሰው።
አልፋቅሁትም።
አሊጋዝ ምንም አላለ። ሁለት ቆሮሶ ሸጠልኝ፤
ዋጋም አልቀነሰልኝ።

ባጃጅ ውስጥ እርጥብ ሸራዬን፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ፣
አንዱ ጉድጓድ ሲያነጥረን፣ ሰማዬ ወንበሩ ላይ ታተመ፤
"ሃምሳ ብር ጨምሪ" አለ ሾፌሩ፣ እያጉረመረመ።

የዘይት ቀለም አይቸኩልም፤ ሦስት ሳምንት ከበር ጀርባ፣
በጣቴ ጫፍ እነካዋለሁ፣ ስወጣና ስገባ።
ዛሬም እርጥብ ነው።
አንዲት የሐይቅ ትንኝ ደግሞ፣ ሰማዩ ላይ ተጣብቃ ሞታለች፤
ስድስት ቀጫጭን እግር፣ ስድስት ጥቁር መስመር ዘርግታለች።
"በመርፌ አንሻት" አለ አንማው።
ተያት፣
ከነእግሯ ትድረቅ።