ከኩንታል በላይ

በሁይ ከተማ፣ በሜዝ ወንዝ ዳርቻ፣
ዱቄት እመዝናለሁ ሌሊቱን ለብቻ።
እሁድ ግን ሚዛኑ ወደ እኔ ይዞራል፤
ዘጠና ስድስት ኪሎ፣ ሳያፍር ይናገራል።
ስምንት ኪሎ ጨምሩ ለብስክሌቴ ብረት፣
ከኩንታል በላይ ሆኜ እገጥማለሁ አቀበት።

ጓደኛዬ ኦዲሎን፣ ሰዓት ጠጋኙ ሰው፣
ዝናብ አርሶት እንኳ ስልሳ አንድ የነበረው።
በእኔና በእሱ መሃል ሠላሳ አምስት ኪሎ፦
ባለ ሃያ አምስቱ ጆንያ፣ አሥር ተቀጥሎ።
ማንም ያልጫነኝን በራሴ ተሸክሜ፣
ዳገቱ ሳይጀመር ግማሽ መንገድ ደክሜ።

«በእኔ ቋንቋ» አልኩት፣ «ከባድ ሰው ምስጋና ነው፤
ቀለለ የተባለ ስሙ የጠፋ ሰው ነው።»
ከት ብሎ ሳቀና «ለዳገቱ ንገረው!»
ነገርኩት።
ዳገቱ አማርኛ አይሰማም፤
ትልቅ ሰው መጣ ብሎ ከወንበር አይነሳም።

በሜዳው፣ በወንዙ ዳር፣ እኩል ነን ሁለታችን፤
የሚጣላን ነፋስ ነው፣ ፊት ለፊት መጥቶብን።
እዚያ ኪሎ የሚጠይቅ የለም።
መንገዱ ቀና ሲል ግን፣
በእነዚያ ትናንሽ ቤተ ጸሎቶች መሃል፣
አንደኛው ጋ ወሬ እናወራለን፤
ሁለተኛው ጋ እሱ ያወራል፤
ሦስተኛው ጋ ጀርባውን አያለሁ፤
አራተኛው ጋ ጀርባው የነበረበትን አየር።
አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ሁይ፣ ሁይ፣ ሁይ ተጽፏል፤
ከእኔ አፍ ሲወጣ ግን «ኡይ» ሆኖ ተተርጉሟል።

ጫፍ ላይ ስደርስ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ተደግፎ
ብርቱካን ይልጣል።
«ሦስት ደቂቃ ከሃያ» ይለኛል፣ ሰዓቱን ሳያይ።
ቁልቁለቱ የእኔ ነው፤ ድንጋይ ሆኜ እወርዳለሁ፤
እሱ እንደ ላባ ይዘገያል። ግን ምን ዋጋ አለው?
ዳገት በደቂቃ ወስዶ
ቁልቁለት በሰከንድ ይመልሳል፤
እንዲህ ያለ አራጣ የትኛው አበዳሪ ይደፍራል?

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ። በኅዳር ታመመ፤
ብርዱን ሊዬዥ ሆስፒታል ከረመ።
በሚያዝያ ተመለሰ። ቀበቶው ላይ በምስማር
የተበሳ ሁለት አዲስ ቀዳዳ ነበር።
«ሃምሳ ሁለት» አለኝ፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ኩራት፣
ጫማውን ለማሰር አጎንብሶ ወደ መሬት።

በእኔ ሂሳብ ከሆነ መብረር ነበረበት።
ዘጠኝ ኪሎ ወርዶለት ምን ሊያግደው ዳገት?
ጭነቱን ቆጥሬ በቅሎዋን ረስቼ፣
እንደ ዱቄት ነጋዴ በሚዛን አስልቼ።
የሄደው ዘጠኝ ኪሎ ትርፍ ጆንያ አልነበረም።
ጭኑ ነበር። ባቱ ነበር።

ሦስተኛው ቤተ ጸሎት ጋ
ትንፋሹን ከኋላዬ ሰማሁ።
ፍጥነት ቀነስኩ፤ «ሂድ!» አለኝ፤
በእንዲህ ያለ ድምፅ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ሄድኩ።

አጥሩን ተደግፌ ብርቱካን ላጥኩ።
ልጣጩ ተቆራረጠብኝ፤ እሱ በአንድ ቅጥልጥል ነበር የሚያወጣው።
መጣ። እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ።
«ስንት ነው?» አለኝ።
«ሰዓቴ ቆሟል።»
እጄን ያዘና አንጓዬን ጆሮው ላይ አደረገ፤
ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣
ሱቁ ውስጥ እንደሚያደርገው።
«ትሄዳለች» አለ። ብርቱካኑን ወሰደ።

ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ ወረድኩ፤
ጎማው እስኪሸት ድረስ።
ወንዙ ዳር ነፋሱ ጠበቀን፣ እንደ ሁልጊዜው፣
እኔም በፊት ሄድኩ፣ ትከሻዬን ዘርግቼ፣
በር የሚያህል ጀርባ ይዤ፤
እሱ ከኋላ ተጠጋ፣ ጎማው ጎማዬን ሊነካ።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንድ ነገር አለ፣
ያስተማርኩትን ቃል፣ በተሰበረ አማርኛ።
ነፋሱ ግማሹን ወሰደው።
«ከባድ» የምትለዋ ብቻ ደረሰችኝ፤
ቀጣዩ ሰው ይሁን ቀን ይሁን፣
ዞሬ አልጠየቅሁትም።
ብዞር ነፋሱ እሱ ጋ ይደርስ ነበር።