ቀሚሴን የያዘው እጅ

የልጄ ልጅ ኒና ደብተሯን ይዛ መጥታ፣
«ጠላትሽ ማን ነበር?» አለችኝ ተረጋግታ፤
«ሰው ከሰው? ከተፈጥሮ? ወይስ ሰው ከራሱ?
አንዱን ምረጪልኝ፤ ሦስት ነው መልሱ።»

ቆይ፣ ኒና፤ እርሳሱን አስቀምጪው ላፍታ፤
ያ ጠባብ መስመር አይበቃም ለዚያች ማታ።

ሳሎኒካ። አባቴ ቪዳል ልብስ ሰፊ ነበረ፣
ለወደብ አለቆች ኮት ሲሰፋ ያደረ።
በዚያ የካቲት ግን ኮት አላዘዘ ማንም፤
ከቢጫ ጨርቅ ሌላ መቀሱ አልነካም።
ለእኛና ለጎረቤት ኮከብ እየቆረጠ፣
ጠርዙን በጥንቃቄ አጥፎ ገለበጠ፤
«ክሩ እንዳይታይ» አለ፤ «ውርደት ነው፣ አውቃለሁ፤
ግን ከእጄ ከወጣ አሳምሬ እሰፋለሁ።»

ወንድሜ ፔፖ መቀሱን ነጠቀው፤
«ለሚገድልህ ሰው ምልክቱን አሳመርከው!»
ሦስት ቀን ተጣሉ፣ አንድ ገበታ ላይ፣
መዳፍ የምታክል ዳቦ ደርቃ ስትታይ።
ፔፖ በጣቱ ተራራውን ሲጠቁም፣
አባቴ የአክስቴን አልጋ፤ እግሯ አይቆም።
ሁለቱም ልክ ነበሩ፤
ለዚህ ነው እስከ ዛሬ በጆሮዬ የቀሩ።

ፎቲኒ ነበረች፣ ግድግዳ የምትጋራን፣
ሽንኩርት በሽርጧ በጨለማ የምታመጣልን።
ያችው ፎቲኒ መጣች በቀን፤
«መኪናችሁን ልጠብቀው» አለችን።
የስፌት መኪናው በኮሪደሩ ሲንከባለል
እናቴ አመሰገነቻት። ምን ትበል?

ከዚያ ያቺ ሌሊት።
እናቴ ፔርላ ጫማዬን አሰረችው፤
«ሂጂ» አለች በአፏ፤ «ሂጂ» ደጋገመችው።
እጇ ግን፣ ኒና፣ እጇ አልሰማም አፏን፤
ጨምድዶ ያዘብኝ የቀሚሴን ጫፉን።
«ሂጂ» ትለኛለች፤ እጇ ይጎትታል፤
ፔፖ ከበሩ ውጭ በሹክሹክታ ይጣራል።

ጎተትኩት።
ጨርቁ ጮኸ። እሷ ግን አልጮኸችም።
ባቡር ወሰዳቸው፤ አልተመለሱም አንዳቸውም።

ተራራው? ተራራው ምን ያውቃል ስለ እኛ!
በረዶው የማንም አልነበረም ወገንተኛ፤
ፔፖን ጥይት ስቶት፣ ብርድ ነው ያገኘው፣
ጥር ሲጋመስ ሌሊት፣ ዘብ እንደቆመ ነው።
እኔ ጠመንጃ ስል መርፌ ነው የሰጡኝ፣
«የልብስ ሰፊ ልጅ» ብለው፣ ሸሚዝ እያስጣፉኝ።

ሲያበቃ ተመለስኩ። ደረጃውን ስወጣ
የመኪናችን ድምፅ በግድግዳው መጣ።
አውቀዋለሁ፤ ፔዳሉ ሦስቴ ሄዶ አንዴ ያነክሳል፤
አባቴ ሊጠግነው ሁልጊዜ ይረሳል።

ፎቲኒ በሩን ከፈተች፣ ክር በጥርሷ ይዛ።
«ሉና? ተመለሽ?» አለች፤ ፊቷ ወዲያው ወዛ።
ተመለሽ! ዘመድ ጥየቃ ሄጄ እንደነበር!
«ውሰጂው» አለችኝ፤ እያለቀሰች ነበር፤
አፏ «ውሰጂው» ይላል፤ እጇ ግን፣ ኒና፣
ከመኪናው ጎማ ላይ አልተነሳም ገና።

እዚያው ቆሜ ጠላኋት።
ሽንኩርቷ ትዝ አለኝ።
መኪናውን ተውኩላት። ለምን? አትጠይቂኝ።

እንግዲህ ያሻሽን ጻፊ፤ ካልሆነም ባዶ ተይው።
መምህርሽ ከጠየቁሽ፣ «አያቴ አታውቀው» በይው።
የሰፈሩን ቀዳዳ ስጥፍ የኖርኩ ሴት፣
የአባትሽን ሱሪ፣ መጋረጃ፣ ኮት፣
ያቺን የቀሚስ ጫፍ፣ አራት ጣት ስፋቷ፣
ክሯ እንደተንጠለጠለ፣ ሳጥን ውስጥ ናት ቤቷ፤
መርፌዬን ይዤ ስንቴ ተቀመጥኩባት፤
አልሰፋኋትም።
ተቀዳለች፣ እናቴ በጨበጠችበት።