አምፖሉ የደመቀ ዕለት

ሳቢያን ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጣሪያው ገና ሰማይ፣
ፌሮው እጅ ይልጣል በረፋዱ ፀሐይ።
ታች፣ ከሲሚንቶው ጥግ፣ አንዲት ማከፋፈያ
እንደ ወላድ ላም ቆማ
ስድስት ቻርጀር ታጠባለች።
ከዳር ያለችዋ የእኔ ድሪል ባትሪ ናት፤
ከታይዋን ገበያ በዱቤ ያመጣኋት፣
የሁለት ወር ከፍዬ የሦስቱ የቀረኝ፣
«ኦርጅናል ናት» ብሎ ነጋዴው የማለልኝ።

የድሬን መብራት አመል ለድሬ ልጅ አትንገር፤
መሄዱ በዝምታ፣ መምጣቱ በስካር።
እኛ መጥፋቱን ነው ስንረግም የኖርነው፤
መብዛቱን የሚፈራ ኢብሳ ብቻ ነው።

ኢብሳ፣ ኤሌክትሪሻኑ። ስሙም ራሱ መብራት።
ከደረት ኪሱ ቴስተር፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ፣
ጠዋት ጠዋት ሶኬቱን እንደ ሐኪም ሲዳስስ፣
ያገኘውን ቁጥር ብሎኬቱ ላይ ይጽፋል፦
ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።
ሁለት መቶ ሠላሳ።
ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር።
«ሳጥን ግዙ» ይላል፣ «ከልክ ሲያልፍ የምትቆርጥ፤
ዋጋዋ ከአንድ ድሪል እኩሌታ የማይበልጥ።»
ኮንትራክተሩ ይስቃል፦ «በሚቀጥለው ክፍያ።»

«ደቻቱን ታውቃለህ» አለኝ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣
«ዓመቱን አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል።
እዚህ ጠብ ሳይል፣ ደጋው ላይ ዘንቦ፣
ሌሊት በር ሳያንኳኳ ይገባል።
ሽቦም እንደዚያው ነው።»
ማርም ሲበዛ ይመራል አልኩት፣ አዋቂ ለመምሰል።
«ማሩን ተወው» አለኝ፣ «ቻርጀርህን ንቀል።»

ማክሰኞ፣ ከሰዓት። ሙቀቱ ምላስ የሚያስወጣ።
ሄዶ የነበረው መብራት ድንገት ተመልሶ መጣ።
የመጋዘኑ አምፖል፣ ያ ሁሌ የሚያዛጋው፣
ነጭ ሆነ፣ ደመቀ፣ ግድግዳውን አነጋው።
«ዛሬስ አማረበት!» ብሎ ፈይሰል አጨበጨበ፤
ኢብሳ ግን ከመሰላል ዘሎ እየጮኸ ቀረበ።
«ኒውትራሉ ለቋል! ንቀሉ! ንቀሉ!»
እኛ ቆመን ቀረን። ጭብጨባው ገና እጃችን ላይ ነበር።

ጥጃ እንደሚያስጥል ሰው አንድ በአንድ ነጠላቸው፤
ከዳር ጀመረ፣ ከእኔዋ።
ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣
ስድስተኛው ላይ
ጠጥ።

ያቺ ትንሽ ድምፅ። የፕላስቲክ ሽታ።
ክር የምታህል ጭስ።
አምፖሉም ፈነዳ፤ ጨለማው እንደ ጥላ ደስ አለኝ።
ስድስተኛው የራሱ ነበር።

ቆጣሪው ጋ ሄዶ ለካ። ተመልሶ ጻፈ፦
ሦስት መቶ አርባ ሰባት።
መስመር አላሰመረበትም።

ሳጥኗ ሐሙስ መጣች።
ያንን ወር ኢብሳ በእኔ ቻርጀር፣ በተራ፣ ባትሪውን ሞላ፤
እኔም የሦስት ወሩን ዕዳ
ለሚሠራ ድሪል ከፈልኩ።

ግድግዳው ከተለሰነ ቆየ። ቁጥሩ ከልስኑ ሥር ነው፤
አሁን እዚያ ክፍል የማን አልጋ እንዳለ አላውቅም።
እኔ ግን ዛሬም፣ ሰው ቤት ተጋብዤ፣
አምፖሉ ደመቅ ሲል ሁሉም «እሰይ!» ሲሉ፣
እጄ ወደ ሶኬቱ ይሄዳል።