ግማሽ ቀን

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሐይቁ እንደ ቋጥኝ ጠጥሮ፣
የተንደር ቤይን ጎዳና ማታ የጣለው በረዶ ቀብሮ፣
አይላ ኮስኪነን ስልክ ይዛለች፣ ከብርድ ልብሷ ሥር ሆና፤
ከሰው ጋር አይደለም፣ ከማሽን፤ ሰላምታ የለ፣ የለ ጤና።
«ለሕመም አንድን ይጫኑ፤ ለሐዘን ሁለትን ይጫኑ።»
አንድን ነካች። ማሽኑ ቆጠረ፤ መቁጠር ብቻ ነው ሥልጣኑ።
«ከሕመም ፈቃድዎ የቀረው፦ ግማሽ ቀን» አላትና ዘጋ።
ግማሽ ቀን እንዴት ይታመማል? ይህን አሰበች ሳይነጋ።
ከምሳ በፊት ልታተኩስ፣ ልትድን ደግሞ ከምሳ በኋላ?
ሳንባ እንደ ክፍለ ጊዜ ተከፍሎ፣ ግማሹ ሒሳብ፣ ግማሹ ሌላ?

አሥራ አንድ ነበሩ ቀኖቿ፣ በመስከረም ሲሰጧት።
አምስቱን ልጇ በላው፣ ባስነጠሰ ቁጥር ቤት ሲያስቀምጧት፤
አራቱን ራሷ ተኝታ፣ የሾርባ ሽታ እንኳ ጠፍቷት፤
አንድ ተኩሉን የምርመራ ሰልፍ፣ መኪናዋ ውስጥ አቆይቷት።

ሕጉማ መች አንድ ሆኖ ያውቃል! ዓርብ ማታ ይጻፋል፣
ሰኞ ጠዋት ስናነበው፣ ማክሰኞ ዕለት ይታጠፋል።
መገለል አሥራ አራት ቀን ነበር፤ አሥር ሆነ፤ አምስት ሆነ፤
ኋላ «ደኅና ከተሰማዎት»፤ ማን በስሜቱ ተማመነ!
«መስኮት ክፈቱ» ተባለ፣ ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት፤
ጥር ላይ «ዝጉ» አለ ያው ሰው፣ የማሞቂያው ዋጋ ቢንርበት።
በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ለስድስታችን ሁለት ወንበር፤
ከግድግዳው ማዶ ሠላሳ ልጅ፣ ክርን ለክርን የሚማር።

ኮልተን የሚባል ልጅ አለ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፤
ጭምብሉን አገጩ ላይ ጥሎ፣ ሳንድዊች ይዞ ጠየቀ፦
«ቲቸር፣ እኛ ምሳ ስንበላ፣ በሽታውም ምሳ ይወጣል እንዴ?»
ሳቅሁ። ሳቄ ወደ ሳል ዞረ። ጎትቼ መለስሁት ወደ ሆዴ።

ምክንያቱም እኔም ያው ነኝ። ኪሴ ሙሉ የሳል ከረሜላ፤
ፊቴን ወደ ሰሌዳ አዙሬ፣ ሳሌን የማሳልፍ በመላ።
ተተኪ መምህር የለማ። ብቀር በማን ላይ ሊወድቅ?
ደግሞስ ለቀረ ሰው ዕቅድ አለ፣ ከመኝታው ላይ የሚረቅቅ፤
ሠላሳ ዘጠኝ ትኩሳት ይዞ፣ «ገጽ አርባ፣ ጥያቄ ሦስት»
ብሎ መጻፍ ነው በውድቅት፣ ዐይን ሲቃጠል እንደ እሳት።

አይላ ጠዋቱን መረጠች።

«ክፍሎች ፈጽሞ አይቀላቀሉ» ብሎ የለጠፈው ርእሰ መምህር፣
ሚስተር ፔትሪሺን፣ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ ወደኔ በር።
«ተካፋዩን ግድግዳ ክፈችው» አለኝ፣ ወለሉን እያየ፤
ዐይኑ ደም ለብሷል፤ እሱም ታሟል፤ ማንም ግን ያን አላየ።
አርባ ሰባት ልጅ ሆኑልኝ።
«ሚስ ኮስኪነንስ?» አሉኝ።
«አሟታል» አልሁ፤ «እስከ ምሳ።»
«እስከ ምሳ?» አለ ኮልተን፣ እርሳሱን ከጆሮው እያነሣ።

ልጅ ሲቀር እኛ የምንጠይቀው፣ ከወላጁ ወረቀት ነው።
በቡናማ ከለር የጻፈውን፣ አጣጥፎ ሰጠኝ፤ አነበብሁት፤ ይኸው፦
«ለሚመለከተው ሁሉ፦ ሚስ ኮስኪነን ታማለች።
እባካችሁ አትቆጧት። እስኪሻላት ትተኛለች።»
ከሥሩ «ፈራሚ፦ ወላጅ» ይልና፣ ከዚያ በኋላ ስም በስም፣
አርባ ሰባት ፊርማ አለበት፤ አንዱ ፈረስ ነው፣ አንዱ ቀለም።

ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰች፣ በሁለት ሻርፕ ተጠቅልላ።
ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ አነበበችው ቀስ ብላ።
«ቢሮው ይቀበለው ይሆን?» አለች።
በቢጫው ፕላስተር ወዲህና ወዲያ፣ ሁለታችንም ሳቅን፣
ሁለታችንም ሳልን።

ማታ ሉቺያኖ፣ ጽዳቱ፣ ተንበርክኮ በኮሪደሩ፣
የወለሉን ቀስቶች ይልጣል፤ ሰኞ አቅጣጫ ሊቀየሩ።
አንዷ ግን አልላቀቅ አለች፣ ቢፍቃት፣ ቢፍቃት፤ ተዋት።
ወደ ባዶ ግድግዳ ትጠቁማለች።
ልጆቹ በየማለዳው ይታዘዟታል፤ ተሰልፈው ይሄዳሉ፣
ግድግዳውን በእጃቸው ይነካሉ፣
ዞረው ይመለሳሉ።