ባትሪ ያዡ

እኔን የጠሩኝ ለሞተሩ ነው፤ ይኼ አስቀድሞ ይታወቅልኝ።
ሌሊት ነው። አንድ ልጅ በብስክሌት መጥቶ፣ ከምንጣፌ ቀስቅሶ፣
«ሆስፒታሉ ጨልሟል፣ ካውቱ፣ ተነሥ!» አለኝ።
መፍቻዎቼን በሸራ ጠቅልዬ፣
ከብስክሌቱ ኋላ ተንጠልጥዬ፣
በነጩ የኮራል መንገድ፣ በኮኮናቱ መሃል፣ ሄድኩ እያዛጋሁ፣
ባሕሩ በግራም በቀኝም ሲተነፍስ እየሰማሁ።

ሆስፒታል የምንለው ለአፋችን ክብር ነው እንጂ
ስድስት አልጋ ነው፣ ሁለት ነርስ፣ አንድ የዝናብ ውሃ ታንከር፣
የጨው አየር እንደ ብስኩት የቀረጠፈው የቆርቆሮ አጥር።
ሐኪሙ ባለፈው መርከብ ሄደ፤
የሚመልሰው መርከብ «ነገ ነው» ሲባል ሦስት ሳምንት ነጎደ።
ምግብ፣ አጎበር፣ ምንጣፍ ይዞ የሚመጣ በሽተኛው ነው፤
ሆስፒታሉ የሚያዋጣው ግድግዳውንና አዋላጇን ቲሮያን ነው።

ሞተሩ ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ተኝቷል፤
ማጣሪያው በዝቃጭ ታፍኗል፣ ናፍጣው ውሃ ቀምሷል።
ጨው የበላው ብረት ጠባዩን የሚያወራው
ጨው ለበላው እጅ ነው፤ እኔም ቀስ ብዬ ሳዋራው፣
ከውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፣
ጩኸት አይደለም፤ ከባድ ታንኳ በደረቅ አሸዋ ላይ ተጎትቶ ሲመጣ።

ቲሮያ በሩ ላይ ቆመች፣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቦ፦
«ሞተርህን ተወውና ና፤ ባትሪ ያዥ የለኝም።»
«እኔ? ወንድ እኮ ነኝ።» የአኮያ እናትም ከውስጥ፣ «ወንድ እዚህ አይገባም!»
«ዛሬ ወንድ አይደለም» አለች ቲሮያ፣ «ምሰሶ ነው፤ ምሰሶ አያይም።»

ስለዚህ ምሰሶ ሆንኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ፣
ክንዴን ወደ ኋላ፣ ብርሃኑን በትከሻዬ አሻግሬ ወደማላየው ጓዳ።
ፊት ለፊቴ የአንድ መርከብ ድርጅት የዓምና ቀን መቁጠሪያ ነበር፣
መጋቢት ላይ ደርሶ የደከመው፤ አንዲት እንሽላሊት ከመጋቢት ሥር።
«ግራ!» ስትለኝ ግራ፣ «ዝቅ!» ስትለኝ ዝቅ።
ክንዴ ሲዝል በሌላው እጄ ደገፍኩት፤
ድንጋዩ መድከም ሲጀምር፣ ቢጫ ሲሆን፣ እንደ ሰው ለመንኩት።

የልጁ አባት መርከበኛ ነው፤ ሃምቡርግ ይሁን ቡሳን የሚያውቅ የለም።
እኔም እንደሱ ነበርኩ። አራት ልጆች አሉኝ፤
ከባሕር ስመለስ ነው ያገኘኋቸው፣
ታጥበው፣ ዘይት ተቀብተው፣ ስም ወጥቶላቸው፣
«ይኼ ደግሞ ማነው?» እያሉ በዓይናቸው።

ከዚያ ሁሉም ዝም አለ።
ቲሮያ ዝም። አሮጊቷ ዝም። አኮያ ዝም።
ምሰሶ አይዞርም፤ አልዞርኩም።
እጄ ግን ተንቀጠቀጠ። «ባትሪውን!» አለች ቲሮያ፣ ድምፅዋ እንደ ምላጭ።
ጥፊ ይሁን ማሸት ያለየሁት ትንሽ ድምፅ፣ አንዴ፣
ሁለቴ፣
ከዚያ፣ በመጀመሪያው ገመድ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እንደሚያስል ሞተር፣
አስነጠሰ፤ ጮኸ፤ ደግሞ ጮኸ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪደነብር።

«ሴት ናት» ተባለ። «አሁን ዙር፣ ምሰሶ።»
ዞርኩ። ያየሁትን አልነግራችሁም፤
የማየት እንጂ የማውራት ፈቃድ አልተሰጠኝም።
አሮጊቷ፣ ያችው «አይገባም» ያለችው፣ «ታውራ» ብላ ጠራቻት፤
በእኛ አፍ ፋኖስ ማለት ነው። «እንኳን ጀኔሬተር አላልሻት!» አልኳት።

ወጣሁ። ማጣሪያውን በሸሚዜ ጠረግኩ፣ ገመዱን አንዴ ሳብኩ፤
ተነሣ፣ ያ ከሃዲ! መስኮቱ ሁሉ ቦግ አለ።
ቲሮያ አንገቷን አውጥታ፣ «አጥፋው! ተኝተዋል እኮ፤ ናፍጣስ የት አለ?»
አጠፋሁት። ደሞዜን፣ ሁለት የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ፣ ብብቴ ሥር አደረግኩ።
ባለብስክሌቱ ልጅ ደጃፉ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል፤
በእግሬ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ክንዴ ግን ወደ ኋላ እንደተዘረጋ
አልታጠፍ ብሏል።